ማና ጨማሪ ካርድ በኮማንደር ዴክ ውስጥ ይግባ ወይስ አይግባ? ደረጃ በደረጃ የመወሰኛ መመሪያ

ማጂክ ዘ ጋዘሪንግ የሪቻርድ ጋርፊልድ ፈጠራ ሲሆን፣ ዊዛርድስ ኦፍ ዘ ኮስት የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1993 ያወጣው የካርድ ጨዋታ ነው። ከአጨዋወት ስልቶቹ ውስጥ ዛሬ እጅግ ከሚዘወተሩት አንዱ ኮማንደር ነው፤ ብዙውን ጊዜ በአራት ሰዎች መካከል ይካሄዳል፤ እያንዳንዱ ተጫዋችም 100 ካርዶች ያሉት ዴክ ይዞ ይቀርባል። ከመቶው አንዱ መሪ፣ ማለትም ኮማንደር ሆኖ ለብቻው ይቀመጣል፤ የቀሩት 99 ካርዶች ተበውዘው ይከመራሉ። ከመሠረታዊ የመሬት ካርዶች በስተቀር አንድ ዓይነት ካርድ ሁለት ጊዜ መግባት አይፈቀድለትም።

ካርዶችን ለማውጣት የሚከፈለው ማና ነው። ማና በመደበኛው መንገድ የሚገኘው በየተራው አንድ ብቻ ከሚወርደው የመሬት ካርድ ስለሆነ፣ መሬት ያልጎደለበት ተጫዋች በ3ኛው ተራ 3፣ በ4ኛው ተራ 4 ማና ይኖረዋል። ከዚህ ልክ ቀድሞ ለመሄድ የሚገቡትን ካርዶች ተጫዋቾች «ራምፕ» ይሏቸዋል፤ በዚህ መመሪያ ማና ጨማሪ እያልሁ እጠራቸዋለሁ።

«አሥር ያህል ክተትበት» የሚለው የተለመደ ምክር ለጀማሪ መነሻ ይሆነው እንደሆነ እንጂ፣ በእጅዎ የያዙት ካርድ በዴክዎ ውስጥ ካለው ከሌላ ካርድ ይሻል እንደሆነ አይነግርዎትም። ዴኩ ከ100 ማለፍ ስለማይችል አንዱ ሳይወጣ ሌላው አይገባም፤ ስለዚህ የሚመዘኑት ምንጊዜም ሁለት ካርዶች ናቸው። ደረጃዎቹን በተግባር ለማሳየት ክሬንኮ ሞብ ቦስ የሚመራውን፣ ከቀይ በቀር ሌላ ቀለም የሌለበትን የጎብሊን (የትናንሽ ጭራቆች) ዴክ በምሳሌነት እወስዳለሁ።

ከሁሉ በፊት፦ ካርዱ የተፈቀደ መሆኑን ያረጋግጡ

ይህ ፈጥኖ የሚያልቅ ሥራ ነው፤ ግን መቅደም አለበት። ዋጋው 0 ሆኖ በየተራው 2 ማና ይሰጥ የነበረው ማና ክሪፕት፣ ከጁውልድ ሎተስና ከዶክሳይድ ኤክስቶርሽኒስት ጋር እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 23 ቀን 2024 ከኮማንደር ታግዷል፤ የቆየ የዴክ ዝርዝር የሚገለብጥ ሰው ግን ዛሬም ያገኘዋል። እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ በወጣው የዴኮች የኃይል እርከን ደግሞ እንደ ማና ቮልት ያሉ ፈጣን ካርዶች በልዩ ዝርዝር ውስጥ ስለገቡ፣ በታችኞቹ ሁለት እርከኖች አይፈቀዱም። ሶል ሪንግ በዚያ ዝርዝር ውስጥ አልገባም። እንደ ጉልበቱ ቢሆን መግባት ነበረበት፤ ነገር ግን ከ2011 ጀምሮ በታተሙት ዝግጁ የኮማንደር ዴኮች ሁሉ ውስጥ ይገኛል ማለት ይቻላልና ማንም ቅር አይሰኝብዎትም።

ደረጃ 1፦ ዴኩ በስንተኛው ተራ ምን ሊያደርግ እንደሚገባው ይጻፉ

ወረቀት ያንሡና በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉት። «ቶሎ መጠንከር» የሚለው አይበቃም፤ የተራው ቁጥርና የካርዱ ስም አብረው መስፈር አለባቸው።

ክሬንኮን እንመልከት። ዋጋው 4 ማና ነው፤ ሁለቱ የግድ ቀይ መሆን አለባቸው፣ ሁለቱን ግን በየትኛውም ዓይነት ማና መክፈል ይቻላል። ካርዱ ሲጋደም (ችሎታውን ለመጠቀም ወደ ጎን ሲዞር) በእርስዎ በኩል ባሉት ጎብሊኖች ቁጥር ልክ አዳዲስ ጎብሊኖችን ያስገኛል፤ ክሬንኮ ራሱም ጎብሊን ስለሆነ ይቆጠራል። እንደ ሌሎቹ ፍጥረቶች ሁሉ ግን በወጣበት ተራ ሊጋደም አይችልም። ሌላ ጎብሊን የለም ብለን ብናሰላ፣ በ4ኛው ተራ የወጣ ክሬንኮ በ5ኛው ተራ ጎብሊኖቹን 2፣ በ6ኛው 4፣ በ7ኛው 8፣ በ8ኛው 16 ያደርሳቸዋል። በ3ኛው ተራ ከወጣ ግን በ7ኛው 16፣ በ8ኛው 32 ይሆናሉ። አንድ ተራ መቅደም ከዚያ በኋላ ባለው በእያንዳንዱ ተራ ሠራዊቱን እጥፍ ያደርገዋል ማለት ነው። እንዲህ ላለው ዴክ «ክሬንኮ በ3ኛው ተራ መውጣት አለበት» የሚል ዓላማ ይጻፋል፤ ማና ጨማሪ ካርድም ቢያንስ በመርህ ደረጃ ለቦታው ይመጥናል።

የዴክዎ ስሌት እንዲህ ካልሆነስ? መሪው አንድ ጊዜ ወጥቶ ለካርዶችዎ ትንሽ ጭማሪ ብቻ የሚሰጥ ከሆነ፣ ወይም ዴኩ ተቃዋሚዎችን እየጠበቀ መልስ በመስጠት የሚጫወት ከሆነ፣ አንድ ተራ መቅደሙ ያን ያህል ላይጠቅም ይችላል። ዓላማውን በቁጥር መጻፍ ካቃተዎ ካርዱን ገና አይጨምሩ፤ ችግሩ ያለው ሌላ ቦታ ነው።

ደረጃ 2፦ የካርዱን ዋጋ ከታለመው ተራ ጋር ያስተያዩ

ማና ጨማሪው ካርድ ከመሪው ቀድሞ በባዶ ተራ ላይ መውረድ አለበት። መሪዎ 4 ማና የሚያወጣ ከሆነ የሚያስፈልግዎት 2 ማና የሚያወጣ ጨማሪ ነው፤ በ2ኛው ተራ ይወርዳል፣ በ3ኛው ተራ ሦስት መሬትና አንድ ጭማሪ ተደምረው 4 ይሆናሉ። ለ3 ማና መሪ ግን የ2 ማናው ካርድ ብዙ አይረዳም፤ እንደ ላኖዋር ኤልቭስ ያለ በ1 ማና የሚወጣ ካርድ ይፈለጋል፤ ይህ ደግሞ በአብዛኛው የአረንጓዴ ቀለም ሀብት ነው። መሪው 5 ማና የሚያወጣ ከሆነ በ2 ወይም በ3 ማና የሚገኘው ጨማሪ በ4ኛው ተራ ያደርስዎታል። 6 ማና ለሚያወጣ መሪ በ2ኛው ተራ አንድ፣ በ3ኛው ተራ ሌላ አንድ ማውረድ በ4ኛው ተራ ያወጣዋል። በ2 ማና ለሚወጣ መሪ ሲባል ግን ምንም ባያስገቡ ይሻላል።

ሶል ሪንግ ከዚህ ሁሉ ሥርዓት ውጭ ነው። በ1 ማና ወጥቶ በዚያው ተራ 2 ቀለም የለሽ ማና ስለሚሰጥ፣ በ1ኛው ተራ ከወረደ ክሬንኮ በ2ኛው ተራ ይወጣል፤ ሁለቱ መሬቶች ቀዩን፣ ሶል ሪንግ የቀረውን ይከፍላል። ስለ ሶል ሪንግ ጊዜ ማጥፋት ስለማያስፈልግ ያስገቡትና ወደሚቀጥለው ይለፉ።

ብዙዎች የሚሳሳቱት ውድ በሆኑት ላይ ነው። ትራን ዳይናሞ በ4 ማና ወጥቶ በየተራው 3 ቀለም የለሽ ማና ይሰጣል፤ በቁጥር ሲታይ ያጓጓል። ነገር ግን ዋጋው ከክሬንኮ ጋር እኩል ስለሆነ ሁለቱ ለአንድ ተራ ይሻማሉ። ክሬንኮ ቀድሞ ከወጣ በኋላ ዳይናሞን ቢያወርዱ እንኳ፣ በ5ኛው ተራ ከ8 ማና በላይ ይዘው ብዙዎቹ ካርዶቹ 1፣ 2 እና 3 ማና በሚያወጡ የጎብሊን ዴክ ውስጥ የሚገዙት ነገር ያጣሉ። ዴኩ ማናውን የሚያፈስበት ከሌለው የማናው ብዛት ጥቅም አይሆንም።

ደረጃ 3፦ ቀለሙንና ሲወርድ ያለበትን ሁኔታ ያንብቡ

ዋጋቸው 2 ማና የሆኑት ካርዶች ሁሉ እኩል አይደሉም፤ ልዩነታቸው ካርዱ ላይ በተጻፉት በጥቂቶቹ ቃላት ውስጥ ይገኛል። ለክሬንኮ ዴክ የሚቀርቡትን አራት ካርዶች አንድ በአንድ ላስቀምጥ።

አርኬን ሲግኔት ከመሪው ቀለሞች አንዱን ይሰጣል፤ እዚህ ላይ ቀይ ማለት ነው። ቀጥ ብሎ ስለሚወርድ በዚያው ተራ ማናውን መጠቀም ይቻላል፤ በመሆኑም በ4ኛው ተራ ቢያወርዱት ከአራቱ ማና አንዱ ስለሚመለስ ሌላ 3 ማና የሚያወጣ ካርድ መጨመር ይችላሉ።

ፋየር ዳይመንድ ቀይ ማና ይሰጣል፤ ነገር ግን ተጋድሞ ነው የሚወርደው። በ2ኛው ተራ ከወረደ ከሲግኔት ብዙም ልዩነት የለውም፤ ዘግይቶ ሲመጣ ግን ሙሉ 2 ማናውን ይበላል።

ማይንድ ስቶን የሚሰጠው ቀለም የለሽ ማና ነው፤ በጨዋታው መጨረሻ ግን 1 ማና ከፍለው መሥዋዕት በማድረግ በምትኩ አንድ ካርድ መሳብ ይችላሉ።

ሩቢ ሜዳልየን ማና አይሰጥም፤ የቀይ ካርዶችን ዋጋ በ1 ይቀንሳል። ክሬንኮን በ3 ማና ያወጣዋል፤ በአንድ ተራ ሁለት ካርድ ካወጡም ሁለት ጊዜ ያተርፍልዎታል። የሚቀንሰው ግን በየትኛውም ማና የሚከፈለውን ክፍል ብቻ ስለሆነ፣ በ1 ቀይ ማና የሚወጡትን ትናንሽ ጎብሊኖች ዋጋ አይነካም። ዴክዎ በእነዚህ የተሞላ ከሆነ ሜዳልየኑ ከሚመስለው ያነሰ ይሠራል።

ቀለም የለሹን ማና በተመለከተ ባለ አንድ ቀለም ዴክ እምብዛም አይቸገርም። በሌላው ጫፍ ያለውን ዚ ኧር ድራገን የተባለውን መሪ ቢወስዱ ግን፣ ከሚያወጣው 9 ማና ውስጥ አምስቱ አምስት የተለያዩ ቀለሞች መሆን ስላለባቸው፣ ሦስት ቀለም የለሽ ማና የሚሰጠው ዳይናሞ ሳይሆን ከክምሩ ሁለት መሠረታዊ መሬቶችን ፈልጎ የሚያመጣው ካልቲቬት የተሻለ ነው።

ደረጃ 4፦ አንድ ተጨማሪ ካርድ ምን ያህል እንደሚያሻሽል ያስሉ

በአራት ሰው ጨዋታ ጀማሪውም ጭምር በ1ኛው ተራ ካርድ ስለሚስብ፣ እስከ 2ኛው ተራ ድረስ 9 ካርዶችን ያያሉ። ከ99 ካርዶች ውስጥ በ2 ወይም ከዚያ ባነሰ ማና የሚወጡ 8 ጨማሪዎች ካሉዎት፣ በእነዚያ 9 ካርዶች ውስጥ ቢያንስ አንዱን የማግኘት ዕድልዎ 54.7 በመቶ ነው። 9 ሲሆኑ ወደ 59.2፣ 10 ሲሆኑ ወደ 63.3፣ 12 ሲሆኑ ወደ 70.4 በመቶ ከፍ ይላል። የመጀመሪያውን እጅ መልሶ በውዞ አዲስ 7 ካርድ መውሰድ በዚህ ስልት አንድ ጊዜ ያለ ቅጣት ስለሚፈቀድ፣ በተግባር ዕድሉ ከዚህ ትንሽ ይበልጣል።

ከእነዚህ ቁጥሮች መታየት ያለበት ልዩነቱ ነው። ዘጠነኛው ካርድ የጨመረው 4.5 መቶኛ ነጥብ ያህል ነው፤ ይህም በ22 ጨዋታዎች ውስጥ አንዱን ብቻ ይለውጣል ማለት ነው። አሥራ ሦስተኛው ደግሞ የሚለውጠው ከ30 በሚበልጡ ጨዋታዎች አንዱን ነው። በሌላ በኩል እስከ 8ኛው ተራ 15 ካርዶች ስለሚታዩ፣ 12 ጨማሪ ያለው ዴክ በአማካይ 1.8 የሚሆኑት ይመጡበታል፤ የመጀመሪያው ሲጠቅም ሁለተኛው ብዙ ጊዜ የጎብሊን ቦታ ይዞ ይቀመጣል። ለክሬንኮ ዓይነት ዴክ 9 ወይም 10 ላይ ማቆም ምክንያታዊ ይመስለኛል፤ ዚ ኧር ድራገንን የሚመራ ሰው ግን 14 ቢያስገባ አልወቅሰውም።

ደረጃ 5፦ ካርዱ ዘግይቶ ሲመጣና ሲጠፋ ምን እንደሚሆን ያስቡ

በ9ኛው ተራ ምንም ካርድ በእጅዎ ሳይኖር ፋየር ዳይመንድ ቢስቡ ምን ይሰማዎታል? ማይንድ ስቶን ቢሆን ኖሮ ሌላ ካርድ ይሆን ነበር። ሌላው ቀርቶ በ1 ቀይ ማና የሚወጣው ስከርክ ፕሮስፔክተር እንኳ፣ ማና የሚሰጠው ጎብሊን መሥዋዕት በማድረግ ብቻ ቢሆንም፣ ራሱ ጎብሊን ስለሆነ ክሬንኮ ይቆጥረዋል። ሁለት ካርዶች በመጀመሪያው ተራ እኩል ከሠሩ፣ በመጨረሻው ተራ የተሻለውን ይምረጡ።

ለአንድ ጊዜ ብቻ ማና የሚሰጡት ለብቻቸው መታየት አለባቸው። ሲዚንግ ሶንግ በ3 ማና ወጥቶ 5 ቀይ ማና ይሰጣል፤ ስለዚህ ያለ ምንም ቅድመ ዝግጅት በ3ኛው ተራ ክሬንኮን ያወጣል፣ ከዚያም በቀረው 1 ማና አንድ ትንሽ ጎብሊን ያስከትላል። ነገር ግን ተቃዋሚ ክሬንኮን በዚያው ዙር ቢገድለው ሁለቱም ካርዶች ባከኑ። መሪው በሞተ ቁጥር እንደገና ለማውጣት 2 ማና ስለሚጨመርበት 4 የነበረው 6፣ ከዚያም 8 ይሆናል፤ ይህን የሚከፍልልዎት በጠረጴዛው ላይ የሚቆየው ሲግኔት እንጂ ያለፈው ሲዚንግ ሶንግ አይደለም።

መቆየቱም ቢሆን ዋስትና የለውም። ቫንዳልብላስት በ5 ማና ሲከፈል የተቃዋሚዎችን አርቲፋክት (እንደ ሲግኔትና ሶል ሪንግ ያሉ የዕቃ ካርዶችን) በሙሉ ያጠፋል፤ ብላስፈመስ አክት ለእያንዳንዱ ፍጥረት 13 ጉዳት ስለሚያደርስ ማና ሰጪ ኤልፎችን ጠራርጎ ይወስዳል። መሬትን በጅምላ ማጥፋት ግን በአብዛኞቹ ጠረጴዛዎች እንደ ነውር ስለሚታይ፣ አረንጓዴ ቀለም ያለው ዴክ በካልቲቬት ያወረደው መሬት ከሁሉም ይልቅ ዕድሜ አለው። አብረዋቸው የሚጫወቱት ሰዎች ምን እንደሚይዙ የሚያውቁት እርስዎ ነዎት፤ በዚያው ይመዝኑት።

ደረጃ 6፦ ተቀናቃኙን ካርድ ይምረጡ

ከሁሉ የሚከብደው ይህ ነው። አብዛኛው ሰው ቦታ ሲያጣ መሬት ያወጣል፤ እኔ ግን አጥብቄ እቃወማለሁ። በ2ኛው ተራ ሲግኔት አውርደው በ3ኛው ተራ መሬት ቢያጡ፣ ያለዎት ሁለት መሬትና አንድ ሲግኔት፣ በድምሩ 3 ማና ነው፤ ክሬንኮ አይወጣም። ያ ሲግኔት 2 ማና የተከፈለበት መሬት ሆነ ማለት ነው። 36 መሬት ያለው ዴክ እስከ 3ኛው ተራ ከሚያያቸው 10 ካርዶች ውስጥ በአማካይ 3.6 መሬት ሲያገኝ፣ 33 መሬት ያለው የሚያገኘው 3.3 ነው፤ ማና ጨማሪ ካርድ የሚሠራው ደግሞ መሬቱ ሳይቋረጥ ሲወርድ ብቻ ነው።

ይልቁንስ ያንኑ አንድ ተራ በሌላ መንገድ የሚያስገኝ ካርድ መኖሩን ይመልከቱ። ላይትኒንግ ግሪቭስ በ2 ማና ይወርዳል፤ ፍጥረት ላይ የሚታሰረው በ0 ማና ነው፤ የታሰረበት ፍጥረትም በወጣበት ተራ መጋደም ይችላል፣ የድግምትና የችሎታ ዒላማም አይሆንም። በ2ኛው ተራ ግሪቭስ፣ በ4ኛው ተራ ክሬንኮ ካወረዱ ክሬንኮ እዚያው በ4ኛው ተራ ይጋደማል። በ2ኛው ተራ ሲግኔት፣ በ3ኛው ክሬንኮ ካወረዱም ክሬንኮ የሚጋደመው በ4ኛው ተራ ነው። የመጀመሪያው ጎብሊን በሁለቱም መንገድ በአንድ ተራ ይወለዳል፤ ግሪቭስን የመረጠው ግን መሪው የተጠበቀ ነው፣ ሲግኔትን የመረጠው ደግሞ ለቀሪው ጨዋታ አንድ ማና ይበልጣል። ስዊፍትፉት ቡትስ ተመሳሳይ ቢመስልም ለማሰር 1 ማና ስለሚያስከፍል በ4ኛው ተራ አይደርስም።

ስለዚህ ዘጠነኛውን ማና ጨማሪ ከማስገባትዎ በፊት ግሪቭስ በዴኩ ውስጥ መኖሩን ያረጋግጡ፤ ከሌለ ቦታው የእሱ ነው። ካለ ደግሞ የሚወጣውን ካርድ ከውዶቹ ውስጥ ይፈልጉ፤ 6 ወይም 7 ማና የሚያወጣና በእጅ ተይዞ የሚቀር ጎብሊን ብዙ ጊዜ አይጠፋም።

ደረጃ 7፦ ካርዱን እጅዎ ላይ አስቀምጠው ይፈትኑ

ብቻዎን ጠረጴዛ ላይ ዴኩን ዘርግቶ መሞከር ጥሩ ልማድ ነው፤ ነገር ግን ከ99 ካርዶች አንዱ በመጀመሪያዎቹ 9 ውስጥ የመታየት ዕድሉ 9.1 በመቶ ብቻ ስለሆነ፣ እንዲያው በውዘው እየሳቡ ቢጠብቁ አብዛኛው ሙከራ ስለ ካርዱ ምንም ሳይነግርዎት ያልፋል። ስለዚህ እንደሚከተለው ያድርጉ።

የሚፈተነውን ካርድ ከክምሩ አውጥተው እጅዎ ላይ ያድርጉ፤ የቀሩትን በውዘው 6 ካርድ ይጨምሩበት። እጁ በእውነተኛ ጨዋታ የማይያዝ ከሆነ፣ ለምሳሌ አንድ መሬት ብቻ ካለው፣ ስድስቱን መልሰው እንደገና ይሳቡ። ከዚያ እስከ 6ኛው ተራ ድረስ ይጫወቱና ክሬንኮ መጀመሪያ የተጋደመበትን ተራ፣ በ6ኛው ተራ ያሉትን ጎብሊኖች ብዛትና ሳይጠቀሙበት የቀረውን ማና ይመዝግቡ። አሁን የሳቧቸውን ካርዶች ቅደም ተከተል ሳያዛቡ ይመልሱና፣ በተፈተነው ካርድ ምትክ ተቀናቃኙን ይዘው ያንኑ እጅ እንደገና ይጫወቱ። ይህን በ20 እጆች ላይ ካደረጉ በአንድ ከሰዓት ያልቃል፤ ውጤቱም የሁለቱ ካርዶች ልዩነት እንጂ የዕድል ጨዋታ አይሆንም።

በመጨረሻም የዘገየውን ተራ ይፈትኑ፤ ስምንት መሬት ዘርግተው፣ ክሬንኮ አንድ ጊዜ ሞቶ ዋጋው 6 እንደሆነ አድርገው፣ ባዶ እጅ ላይ ካርዱን ይሳቡት። ተቀናቃኙንም እንዲሁ። የማናው ካርድ በመጀመሪያው ፈተና በግልጽ አሸንፎ በዚህኛው ቢሸነፍ ይግባ፤ በመጀመሪያው እኩል ወጥቶ በዚህኛው ከተሸነፈ ግን አያስገቡት። ያልተጠቀሙበት ማና በአብዛኞቹ እጆች ከ2 በላይ ሆኖ ከተመዘገበ ደግሞ ዴኩ የሚጎድለው ማና አይደለምና፣ ያንን ቦታ ካርድ ለሚያስስብ ካርድ ይስጡት።